አራት ገመድ፣ አንድ ትሬድ፦ ከብዙ ቦታ የሚመጣ ዳታን በፋይል ዲስክሪፕተር መከታተል

አንድ ፕሮግራም ከአራት ቦታ ዳታ ይመጣበታል። የትኛው እንደሚቀድም ማንም አያውቅም። አንዱን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የሌሎቹ ይከማቻል፣ ሲብስም ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወዲያው ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ማብዛት ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ ገመድ፣ ማለትም ዳታ ለሚመጣበት መንገድ ሁሉ፣ አንድ ትሬድ፣ ከዚያ ትሬዶቹ የጋራ ዳታ ላይ እንዳይጋጩ መቆለፊያ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱ እርስ በርስ ተቆላልፈው ፕሮግራሙ ቀጥ ሲል ችግሩን ፍለጋ ሌሊቱን ማንጋት። አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ ለዚህ ሥራ አንድ ትሬድ ይበቃል።

ምሳሌዬ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ጫጫም በሉት ባሶና ወራና፣ ገበሬው ወተቱን ይዞ ወደ መሰብሰቢያ ይመጣል። እዚያ ዲጂታል ሚዛን አለ። ወተቱ የሚጠራቀምበት፣ ቴርሞሜትር ያለው ማቀዝቀዣ ታንክ አለ፤ 4 ዲግሪ አካባቢ ካልቆየ ወተቱ ይበላሻል፣ በተለይ በጾም ወቅት ገዢ ሲቀንስና ወተቱ ሲተርፍ የታንኩ ሙቀት ትልቅ ጉዳይ ነው። መዝጋቢዋ የአባሉን ቁጥር የምታስገባበት ኪቦርድ አለ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከቢሮው ሆኖ በኔትወርክ ማየት ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ያለች ራስበሪ ፓይ የምትባል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ መስማት አለባት።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው። ፕሮግራማችሁ የሚጠብቅበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን። ሌላ የትም ቦታ ላይ አይጠብቅ። ይህን ካከበራችሁ ሌላው ዝርዝር ነው፤ ከጣሳችሁት ግን ምን ዓይነት ጥሩ ላይብረሪ ብትጠቀሙ አያድናችሁም።

መነሻው ቁጥር ነው

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት፣ ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት ጫፍ) ሲፈጥር ወይም ሲሪያል ፖርት (ሚዛንን የመሰለ መሣሪያ የሚገናኝበት) ሲከፍት ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ትንሽ ቁጥር ይሰጠዋል። ፋይል ዲስክሪፕተር የሚባለው ይሄ ቁጥር ነው። 0 ከኪቦርድ የሚገባው ነው። 1 ወደ ስክሪን የሚወጣው፣ 2 ደግሞ የስሕተት መልእክት የሚወጣበት። ቀጥሎ የምትከፍቱት ብዙ ጊዜ 3 ይሆናል፣ ከዚያ 4 እያለ ይሄዳል። ከርነሉ ሁልጊዜ ካልተያዙት ውስጥ ትንሹን ቁጥር ነው የሚሰጠው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሚዛኑም፣ ኪቦርዱም፣ ኔትወርኩም ሁሉም ቁጥር ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ከርነሉን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ዳታ የመጣበት የቱ ነው? እስኪመጣ አስተኛኝ፣ ሲመጣ ቀስቅሰኝ።

ሴሌክት፣ ፖል ወይስ ኢፖል?

ሦስቱም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሴሌክት ቀዳሚው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 ጋር ነው የመጣው። እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ቁጥሩ 1024 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዲስክሪፕተር አይቀበልም፤ ልብ በሉ፣ ወሰኑ የብዛት ሳይሆን የቁጥሩ የራሱ ነው፤ አምስት ገመድ ብቻ ይዛችሁ አንዱ ቁጥሩ 1030 ከሆነ ሲ ቋንቋ ላይ ሚሞሪ ታበላሻላችሁ። ሁለተኛ፣ የሰጣችሁትን ዝርዝር ራሱ ላይ መልሱን ስለሚጽፍበት በየዙሩ እንደገና መሙላት አለባችሁ።

ፖል ይህንን ያስተካክላል። የቁጥር ወሰን የለበትም፣ የምትፈልጉትና የመጣው በተለያየ ቦታ ነው የሚጻፈው። ኢፖል ደግሞ የሊኑክስ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ከርነሉ ገባ፣ በከርነል 2.6 ለሁሉም ደረሰ። ዝርዝሩን ከርነሉ ራሱ ስለሚይዝለት በሺህ የሚቆጠር ግንኙነት ያለው ሰርቨር ላይ ልዩነቱ ይታያል። ኢንጂንኤክስና ሬዲስ የሚባሉት የታወቁ ሰርቨሮች ሊኑክስ ላይ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ፍሪቢኤስዲና ማክ ላይ ኬኪው የሚባል አቻ አላቸው።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። ገመዳችሁ በጣት የሚቆጠር ከሆነ ፖልን ውሰዱ። ለአራት ገመድ ኢፖል ማምጣት ኮዱን ከማብዛት በቀር የሚያስገኘው ፍጥነት የለም። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ፖል ነው፤ ሐሳቡ ለሦስቱም አንድ ነው። ቋንቋው ሲም ይሁን ፓይተን ይሠራል።

1. ሁሉንም ክፈቱ፣ ሲከፈቱም ኖንብሎክ አድርጉ

ኖንብሎክ ማለት፣ ዳታ የሌለበትን ገመድ ብታነቡ ፕሮግራሙ ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ "አሁን የለም፣ ቆይተህ ሞክር" የሚል ስሕተት ይመልስላችኋል ማለት ነው። ስሙ ኢአጌን ነው። ፖል "ዝግጁ ነው" ካለ በኋላም ቢሆን ኖንብሎክ ያስፈልጋል፤ በተለይ አዲስ ግንኙነት የሚቀበለው ሶኬት ላይ። ፖል ከነገራችሁ በኋላ፣ እናንተ ከመቀበላችሁ በፊት ደዋዩ ግንኙነቱን ቢያቋርጥ፣ ኖንብሎክ ያልሆነ ፕሮግራም እዚያው ላይ ደርቆ ይቀራል።

ሲሪያል ፖርቱ ላይ ትንሽ ቆይታ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚንገላታው እዚህ ስለሆነ።

ፍጥነቱን ከሚዛኑ መመሪያ ላይ አንብቡ። ብዙ ሚዛኖች 9600፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የሌለው፣ 1 ስቶፕ ቢት ላይ ናቸው። ከዚያ ፖርቱን ወደ ሮው ሞድ ቀይሩ። ሳትቀይሩ ከተዋችሁት ሊኑክስ ፖርቱን እንደ ተርሚናል ነው የሚያየው፤ መስመሩ እስኪያልቅ ዳታውን ይይዝባችኋል፣ ከዚያም አልፎ የመጣውን እያንዳንዱን ፊደል መልሶ ወደ ሚዛኑ ያስተጋባል። አንዳንድ ሚዛን የተመለሰለትን እንደ ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። ፖርቱን መክፈት "አልተፈቀደም" ካላችሁ ደግሞ ዩዘራችሁን ዲያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡትና ወጥታችሁ ግቡ። ሩት (የሲስተሙ ባለሙሉ ሥልጣን ዩዘር) ሆናችሁ አታስኪዱት።

ሌላው ነገር ስም ነው። ሁለት ዩኤስቢ ሲሪያል ገመድ ከሰካችሁ አንዱ ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0፣ ሌላው 1 ይባላሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል። ያኔ ሚዛኑ ቴርሞሜትር፣ ቴርሞሜትሩ ሚዛን ይሆናል፤ ታንኩ 4 ኪሎ፣ ወተቱ 12 ዲግሪ። ይህን ለማስቀረት በዴቭ ስር፣ ሲሪያል በሚለው ፎልደር ውስጥ ባይ አይዲ የሚል አለ፤ እዚያ ያለውን ረጅሙን ስም ተጠቀሙ። ርካሾቹ ሲኤች340 ገመዶች የየራሳቸው መለያ ስለሌላቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ይዘው ይመጣሉ። እነሱን ከያዛችሁ ባይ ፓዝ የሚለውን ውሰዱ፤ እሱ የሚለየው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ከዚያ የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ በማርከር ጻፉበት።

ኪቦርዱ እንዳለ ይቆይ። መዝጋቢዋ ኢንተር እስክትጫን ዳታው ባይመጣ ይሻለናል።

2. ሠንጠረዡን ሥሩ

ፖል የሚቀበለው ቀላል ሠንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ነገር አለ፦ ቁጥሩ፣ የምትፈልጉት ነገር፣ ከርነሉ የሚሞላው መልስ። ለማንበብ ስትፈልጉ ፖልኢን ትላላችሁ። ለእኛ አራት ረድፍ ነው፤ ኪቦርድ፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ አዲስ የኔትወርክ ግንኙነት የሚቀበለው ሶኬት። አራቱም ላይ ፖልኢን ብቻ ጻፉ።

ከሠንጠረዡ ጎን ሌላ የራሳችሁ ማኅደር ይኑራችሁ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ማን እንደሆነ፣ እስካሁን የተጠራቀመለት ያልተሟላ ዳታ፣ እና ሲመጣበት የሚጠራው ፈንክሽን። ፓይተን ላይ ዲክሽነሪ፣ ሲ ላይ ስትራክት። ይህ ማኅደር ከሌለ ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሄደው ኮድ) ውስጥ "3 ከሆነ እንዲህ፣ 4 ከሆነ እንዲያ" የሚል ረጅም ኮድ ይወጣችኋል፣ አምስተኛ ገመድ ሲመጣ ሁሉም ይናጋል።

3. አንድ ቦታ ላይ ጠብቁ

አሁን ሉፑን ጻፉ። ሉፑ ፖልን ይጠራል፣ ፖል ሲመለስ መልስ ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ያያል፣ ለእያንዳንዳቸው ፈንክሽናቸውን ይጠራል፣ ተመልሶ ፖል ላይ ይተኛል። ለዘበኛ "በሩ ሲንኳኳ ቀስቅሰኝ" ብሎ እንደሚተኛ ሰው ነው፤ በየደቂቃው እየተነሳ በሩን አይፈትሽም።

ፖል ሦስተኛ ነገር ይጠይቃል፣ ስንት ሚሊሰከንድ ልጠብቅ? ከዜሮ በታች ካላችሁት፣ ለምሳሌ 1 ተቀናሽ፣ ዳታ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል። 0 ካላችሁት ምንም ሳይጠብቅ ወዲያው ይመለሳል። 0 ብሎ ሉፕ ውስጥ መክተት ሲፒዩውን መቶ በመቶ ይይዘዋል፣ ፓይዋ ትግላለች፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ሌላ ፕሮግራምም እዚያው ላይ ይሠራል።

ሉፑ ውስጥ እንቅልፍ አትጨምሩ። "ለጥንቃቄ ግማሽ ሰከንድ ስሊፕ ላድርግ" የሚሉ አሉ። ያ ሁለተኛ መጠበቂያ ነው፣ ደንባችንን ይጥሳል፤ ገበሬው ማሰሮውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ አንስቶ እስኪሄድ ስክሪኑ የቀድሞውን ሰው ክብደት ያሳያል።

4. የመጣውን ብቻ አንብቡ፣ ያልተሟላውን አቆዩ

የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ነገር እዚህ ነው። ፖል "ዝግጁ ነው" ሲላችሁ "ሙሉ መስመር መጥቷል" ማለቱ አይደለም። ቢያንስ አንድ ባይት አለ ማለቱ ነው።

በቅርበት እንየው። ሚዛኑ 12.45 ኪሎ ብሎ ይልካል። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ለመምጣት አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ፖል በመጀመሪያዎቹ ፊደላት ሊቀሰቅሳችሁ ይችላል። ታነባላችሁ፣ የመጣው "12." ነው። ፖል ላይ ትመለሳላችሁ። እንደገና ይቀሰቅሳችኋል፣ አሁን "45 ኪሎ" እና የመስመር መጨረሻው መጣ። የመጀመሪያውን ንባብ እንደ ሙሉ ክብደት የወሰደ ፕሮግራም ከገበሬው ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ወሰደ ማለት ነው። ሁለተኛውን ለብቻው የወሰደ ደግሞ 45 ኪሎ መዘገበ። ሁለቱም የሰው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የመጣውን ሁሉ በዚያ ገመድ ባፈር (ያልተሟላው ዳታ የሚጠራቀምበት ቦታ) መጨረሻ ላይ ቀጥሉ። ባፈሩ ውስጥ የመስመር መጨረሻ ምልክት አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ካለ እስከዚያ ያለውን ቁረጡና ሥሩበት፤ አሁንም ፈልጉ፣ በአንድ ንባብ ሁለት ሦስት መስመር ሊመጣ ይችላል። የቀረውን ተዉት፣ ለሚቀጥለው ይጠብቃል። ለባፈሩ ወሰን አብጁለት፤ ምልክቱ ሳይመጣ 4096 ባይት ከሞላ አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ ጣሉትና ሎግ ላይ ጻፉ። እያንዳንዱ ገመድ የራሱ ባፈር ይኑረው፤ የሚዛኑና የቴርሞሜትሩ ዳታ አንድ ባፈር ውስጥ ከተቀላቀለ ማንም አይለየውም።

ሌላም አለ። ፖልን ከሪድላይን ወይም ከኢንፑት ጋር አትቀላቅሉ። እነዚህ ፈንክሽኖች የራሳቸው ድብቅ ባፈር አላቸው። በሲሪያል የተገናኘ የባርኮድ ማንበቢያ ያለው መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ካርድ በፍጥነት ተከታትሎ ቢነበብ፣ ሁለት መስመር በአንዴ ሊመጣ ይችላል። ሪድላይን ሁለቱንም ከከርነሉ ይወስዳል፣ አንዱን ይሰጣችኋል፣ ሁለተኛውን ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ፖል የሚያየው ከርነሉን ብቻ ነው። እዚያ ምንም ስለሌለ "ዳታ የለም" ይላችኋል። ሁለተኛው አባል ሌላ ሰው ካርድ እስኪያስነብብ አይመዘገብም። ፓይተን ላይ ኦኤስ ሪድ፣ ሲ ላይ ሪድ፤ እነሱን ብቻ።

ሪድ 0 ባይት ከመለሰ "ዳታ የለም" ማለቱ አይደለም። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ዘግቷል ማለት ነው። "የለም" ሲሆን የሚመጣው ከላይ ያልነው ኢአጌን ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

5. ገመድ ሲነቀል

መጥረጊያ የያዘ ሰው ገመዱን ይነቅለዋል። ይሄ የማይቀር ነው። ያኔ ፖል ፖልሃፕ ወይም ፖልኤረር ይመልሳል። እነዚህን ባትጠይቋቸውም ይመጣሉ። ካላያችኋቸው ፖል በተጠራ ቁጥር ወዲያው ይመለሳል፣ እናንተ ምንም አትሠሩም፣ ሉፑ ያለ እረፍት ይሽከረከራል።

ፖልሃፕ ከፖልኢን ጋር አብሮ ከመጣ መጀመሪያ የቀረውን ዳታ አንብቡ፣ ከዚያ ዝጉ። ከዘጋችሁ በኋላ ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር 1 ተቀናሽ አድርጉት። ፖል ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ይዘለዋል፤ ረድፉን ማውጣት አያስፈልግም። የዚያን ገመድ ባፈርም አጽዱ፤ ግማሽ መስመር ቀርቶበት ከሆነ ገመዱ ሲመለስ ከአዲሱ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በየ5 ሰከንዱ እንደገና ለመክፈት ሞክሩ፤ በስሊፕ ሳይሆን ቀጥሎ በምናየው የጊዜ አያያዝ።

ፖልኤንቫል ከመጣ ደግሞ የተዘጋ ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ትታችኋል ማለት ነው፣ የኮድ ስሕተት ነው፣ አስተካክሉ።

ከላይ ያዙልኝ ያልኳት እዚህ ትመጣለች። አንድ ዙር ላይ ቁጥር 7 ተዘጋ እንበል። በዚያው ዙር አዲስ ግንኙነት ተቀበላችሁ። ከርነሉ ትንሹን ክፍት ቁጥር ስለሚሰጥ አዲሱም 7 ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ላይ ለቀድሞው 7 የተጻፈ መልስ ገና ካልታየ ለአዲሱ ሰው ይሰጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዙሩ መሐል የሚዘጋውን ምልክት አድርጉበት፣ ዙሩ ሲያልቅ ዝጉ።

6. ኔትወርኩ

የሚቀበለው ሶኬት ላይ ፖልኢን ሲመጣ አዲስ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ተቀበሉት፣ ኖንብሎክ አድርጉት፣ ሠንጠረዡ ላይ ረድፍ ጨምሩለት። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ገመድ ነው።

መጻፍ ግን የተለየ ነው። የሥራ አስኪያጁ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ የላካችሁት ዳታ የሚቆይበት የከርነሉ ቦታ ይሞላና ራይት ግማሹን ብቻ ይቀበላል። የቀረውን ለዚያ ሰው በተለየ የመላኪያ ባፈር አቆዩት። ፖልአውት የሚለውን የምትጨምሩት የሚላክ ሲኖር ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ወዲያው አንሱት። ሶኬት ብዙውን ጊዜ ለመጻፍ ዝግጁ ስለሆነ ፖልአውትን ሁልጊዜ ከተዋችሁት ሉፑ አይተኛም። የመላኪያው ባፈር ከመጠን ካለፈ ደግሞ ያንን ሰው ቁረጡት፣ ተመልሶ ይገናኛል። በአንድ ሰው ደካማ ኔትወርክ ሚዛኑ መቆም የለበትም።

ሲ ላይ የተዘጋ ሶኬት ላይ መጻፍ ሲግፓይፕ የሚባል ሲግናል (ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚልከው ማሳወቂያ) ያመጣና ፕሮግራሙን ይገድለዋል። መጀመሪያውኑ ችላ እንዲለው አድርጉ። ፓይተን በራሱ ያደርገዋል።

7. ሰዓትና ሲግናል

ታንኩን በየ30 ሰከንዱ መመዝገብ ከፈለጋችሁ ቀጣዩ ሥራ መቼ እንደሆነ አስቡ፣ ከዚያ ላይ የአሁኑን ሰዓት ቀንሱ፣ የቀረውን ሚሊሰከንድ ለፖል ስጡት። ቀድሞ ዳታ ከመጣ ይመለሳል፣ ካልመጣ ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሳል። ስታጠጋጉ ወደ ላይ አጠጋጉ፤ ወደ ታች ካጠጋጋችሁት በመጨረሻዋ ሚሊሰከንድ ውስጥ 0 እየሰጣችሁ ትሽከረከራላችሁ።

ሰዓቱን ከሞኖቶኒክ ሰዓት ውሰዱ። ብዙዎቹ ራስበሪ ፓይዎች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። መብራት ሲመለስ የድሮ ሰዓት ይዘው ይነሳሉ፣ ኢንተርኔት ሲያገኙ ወደ ትክክለኛው ይዘላሉ። በግድግዳ ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሰዓት በሚነግረው በተለመደው፣ የምትቆጥሩ ከሆነ የ30 ሰከንዱ ሥራ በዝላዩ ይዛባል። ሞኖቶኒክ ሰዓት ግን ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው፣ አይዘልም። ለመዝገቡ ቀንና ሰዓት የግድግዳውን፣ ለመጠበቂያው ሞኖቶኒኩን።

ፕሮግራሙን ሲያቆሙት በወጉ እንዲዘጋ ሲግናሉም በዚያው በፖል በኩል ይምጣ። ፓይፕ (በአንዱ ጫፍ የተጻፈው በሌላው ጫፍ የሚነበብበት መንገድ) ፍጠሩ፣ ሁለቱንም ጫፍ ኖንብሎክ አድርጉ። የሲግናሉ ፈንክሽን አንድ ባይት ወደ ፓይፑ ይጻፍ፣ ሌላ ምንም አይሥራ። የማንበቢያውን ጫፍ ሠንጠረዡ ላይ ጨምሩ። ፓይተን ለዚህ ሴት ዌክአፕ ኤፍዲ የሚል አለው፤ ሊኑክስ ደግሞ ሲግናልኤፍዲና ታይመርኤፍዲ አሉት፣ ሲግናሉንም ሰዓቱንም ራሳቸውን ዲስክሪፕተር ያደርጓቸዋል። ሲግናል ሲመጣ ፖል በኢኢንተር ስሕተት ሊመለስ ይችላል፤ ሲ ላይ እንደ ብልሽት አትዩት፣ ተመልሳችሁ ጥሩት። ፓይተን ከ3.5 ጀምሮ ራሱ መልሶ ይጠራዋል።

ለዚህ መንገድ የማይሆኑ

ተራ ፋይል አይሆንም። ፖል ስለ ተራ ፋይል ሁልጊዜ "ዝግጁ ነው" ይላል፣ ዲስኩ ቢዘገይም። ኢፖል ጭራሽ አልቀበልም ይላል። የዌብሳይት ስም ወደ አድራሻ መቀየርም ብዙ ጊዜ ብሎክ ያደርጋል።

በጣም የሚያታልለው ግን ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ተወዳጅ የሙቀት ሴንሰር ነው። ፓይ ላይ በዋን ዋየር ሲገናኝ እንደ ፋይል ነው የሚታየው፤ አንዴ ሲነበብ ግን ሙሉ ጥራት ላይ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ያን ያህል ጊዜ ሚዛኑም ኪቦርዱም አይሰሙም። ወይ አርዱይኖ በምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አንብባችሁ በሲሪያል አምጡት፣ ወይ ለብቻው ትንሽ ፕሮግራም ጽፋችሁ ውጤቱን በፓይፕ ላኩ። ፓይፕ ዲስክሪፕተር ነው፣ ዋናው ፕሮግራም በፖል ይሰማዋል። ረዳት ትሬድም ብትጠቀሙ አልቃወምም፤ ወሬው በፓይፕ ይምጣ እንጂ በጋራ ቫሪያብል አይምጣ።

8. ፈትኑት

ሚዛኑ አጠገባችሁ ባይኖርም መሥራት ይቻላል። ኤምኬፊፎ በሚባለው ትእዛዝ ስም ያለው ፓይፕ ፍጠሩ፣ ፕሮግራማችሁ በሚዛኑ ፋንታ እሱን ይክፈት፣ ከሌላ ተርሚናል በኤኮ ክብደት ላኩበት። ኤኮ ልኮ ሲጨርስ ስለሚዘጋ ፖልሃፕ ይደጋገምባችኋል፤ ለሙከራው ጊዜ ፓይፑን ለማንበብም ለመጻፍም ክፈቱት፣ ሊኑክስ ላይ ይህ ያስቀረዋል። የሲሪያሉን ጠባይ በደንብ ለማየት ደግሞ ሶካት የሚባለው መሣሪያ ሁለት የተገናኙ ሐሰተኛ ፖርቶች ይፈጥርላችኋል።

መጀመሪያ "12." ብላችሁ ያለ መስመር መጨረሻ ላኩ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ "45" ብላችሁ በመስመር መጨረሻ ዝጉት። 12.45 መመዝገብ አለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሁለት መስመር በአንዴ ላኩ፣ ሁለቱም ወዲያው ይግቡ። ገመዱን ንቀሉ፣ ቶፕ ላይ ሲፒዩውን እዩ፣ ከፍ ካለ 5ኛው ላይ ተመለሱ። ምንም ሥራ በሌለበት ሰዓት ኤስትሬስ (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቀውን ሁሉ የሚያሳይ መሣሪያ) በፕሮግራሙ ላይ ክፈቱ፤ ፖል ላይ ተኝቶ በየ30 ሰከንዱ ብቻ ሲነቃ ማየት አለባችሁ። ሌላ ነገር ላይ ተኝቶ ካገኛችሁት ሁለተኛ መጠበቂያ አለ፣ ኤስትሬስ ስሙን ይነግራችኋል፣ ፈልጋችሁ አውጡት።

መሰብሰቢያው ላይ ስትገጥሙት መዝጋቢዋ የወረቀት መዝገቧን አትተው። የጠዋቱንም የማታውንም ርክክብ በሁለቱም ያዙ፣ በየአባሉ አነጻጽሩ። አንድ አባል ላይ እንኳ ልዩነት ካለ የሚዛኑን ጥሬ ዳታ ከነሰዓቱ ከሎጉ አውጡና ተመልከቱ፤ ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን ንባብ፣ ግማሽ መስመርም ቢሆን፣ እንደመጣ ሎግ ላይ ጻፉት። መዝገቡና ፕሮግራሙ ሳይለያዩ እስኪቆዩ ድረስ ክፍያ በወረቀቱ ይሁን።